ማሽኑ በስንት ሰዓት ይነሣል?

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ያሳለፍኩት ከሰቃ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። የተቀጠርኩት ገበሬ ያመጣውን እሸት ቡና በጆንያ እየተሸከምኩ መፈልፈያው ማሽን አፍ ላይ እንድገለብጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ቆመ። ከጅማ የተጠራው መካኒክ ፈታው፣ አጠበው፣ መልሶ ገጠመው። ሲጨርስ አንድ ቡሎን መሬት ላይ ተረፈ። ግራ ቀኝ አየና ኪሱ ከተተው።

“ጌታዬ፣ ያ ቡሎን የግራው ክዳን ነው” አልኩት።

“አንተ ማነህ?”

“ተሸካሚ።”

“እንግዲያው ተሸከም።”

ማሽኑ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ የግራው ክዳን መንቀጥቀጥ ጀመረ። መካኒኩ ቡሎኑን ከኪሱ አውጥቶ እኔን ሳያይ ገጠመው። በማግስቱ ጆንያ አልተሸከምኩም፤ ቁልፍ አቀባይ ሆንኩ። ይህን የምጽፈው እንዲታወቅልኝ ነው።

በእኛ ሥራ ማዕረጉ አራት ነው። ቁልፍ አቀባይ፣ ረዳት፣ መካኒክ፣ ዋና መካኒክ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሰዎች ሰጡኝ። አራተኛውን ራሴ ወሰድኩት፤ የከለከለኝም የለም።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን የውጭ አገር መጽሐፍ ማንበብ ስለማልችል ሥዕሉን እያየሁ ነው የተማርኩት። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሠፈር ባለው ቤቴ ጓሮ አንድ የተጣለ መፈልፈያ አስገብቼ ሦስት ክረምት ሙሉ ስፈታውና ስገጥመው ቆየሁ። ባለቤቴ ጎረቤት ሲጠይቃት “ሁለተኛዋ ሚስቱ ናት፤ እሷ ግን አትበላም” ትል ነበር። ዛሬ ከሰቃ እስከ ደዶ እጄ ያልነካው መፈልፈያ የለም። ዲግሪ ያላቸው መሐንዲሶች ሲቸግራቸው ይደውሉልኛል። እንዲህ ዓይነቱን ስልክ ባለቤቴ ባለችበት ነው የማነሣው።

የማሽን ሕመም በዓይን አይታይም፣ በጆሮ ይሰማል። ማሽኑ እየዞረ የካቻቢቴውን ጫፍ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ አስደግፋለሁ፤ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ደህና ኩሽኔታ እንደ ንብ ያንጎራጉራል። የታመመው እንደ ባቄላ ይንጣጣል። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከእኔ የተማሩት ግን አሁን በየጣቢያው “በራሴ ደረስኩበት” ይላሉ።

ሥራችን ሁለት ልማዶች አሉት፤ ወጣት ባልደረቦቼ ያውቋቸዋል።

አንደኛው የደንበኛን ማሽን ገመና አለማውጣት ነው። እሸት ቡና በተለቀመ በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ለታጠበ ቡና አይሆንም። ስለዚህ ገበሬ የአንድ ጣቢያ ማሽን መበላሸቱን ከሰማ እሸቱን ወደ ሌላ ጣቢያ ይዞ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ለዚህ ነው መፍቻዎቼን በበቆሎ ጆንያ ይዤ የምሄደው። ያየኝ ሰው ወፍጮ ቤት የምሄድ ይመስለዋል። የአንዱን ጣቢያ ወሬ ለሌላው አልነግርም። መበላሸቱንም፣ መዳኑንም።

ሁለተኛው ልማድ ሰዓት ነው። ባለጣቢያው “ማሽኑ በስንት ሰዓት ይነሣል?” ብሎ ሲጠይቅ መካኒክ “በሁለት ሰዓት” ይላል። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ቢሆንም፣ ሁለት ቀን የሚፈጅ ቢሆንም፣ መልሱ ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ቀን ብትለው ሌላ መካኒክ ይጠራል። ባለጣቢያውም ሁለት ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት እንዳልሆነ ያውቃል፤ የራሱን ይጨምርበታል። እንዲህ እየተዋወቅን ስንኖር ማንም ማንንም ዋሸኸኝ ብሎ አያውቅም።

ተማሪዎቹ የመጡት እነዚህን ሁለት ልማዶች ሳያውቁ ነው።

አንድ የለቀማ ወቅት መጀመሪያ ላይ በሐጂ ከማል ጣቢያ ዲስክ ስቀይር ሁለት ወጣቶች ጫማቸውን ጭቃ አልብሰው ደረሱ። አንዷ ቤዛ ትባላለች፤ የሐዋሳ ልጅ ናት። ሌላው ፈይሰል ነው፤ የደዶ ገበሬ ልጅ። ሁለቱም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስለ መረጃና ስለ ኮምፒውተር የሚማሩ ናቸው። ከመመረቃቸው በፊት የተማሩትን ለአካባቢው ሕዝብ በሚጠቅም ሥራ ላይ ማዋል አለባችሁ ተብለዋል።

“ጋሼ፣ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው” አለች ቤዛ። “ማሽን ሲበላሽ ይነግሩናል፣ ሲጠገንም ይነግሩናል። እኛ ለገበሬዎቹ በስልካቸው እናሳውቃለን።”

“ለገበሬዎቹ ብቻ?”

“ለገበሬዎቹ ብቻ።”

“ነጋዴ ስልክ የለውም?”

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በዚህ አገር ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አንዱ የቡና እግር ቆጥሮ ሄደ። አንዱ የቤተሰብ ቁጥር ጻፈ። አንዱ ከእኛ ጋር ፎቶ ተነሣ። ምን እንዳደረጉበት ተመልሶ የነገረን የለም። ስለዚህ መታወቂያቸውን ጠየቅኩ። አወጡ። የሁለቱንም ቁጥር ዲስክ የምመዘግብበት ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ፎቶዋንና ፊቷን ሁለት ጊዜ አስተያየሁ።

“ጋሼ ኬላ ላይ ይሠሩ ነበር እንዴ?” አለች ቤዛ።

“የእናትሽን ስም አልጠየቅኩሽም፤ አመስግኝ።”

ፈይሰል ጣልቃ ገባ። “ጋሼ፣ የእኔ እናት እሸት ተሸክማ ሁለት ሰዓት በእግሯ ከሄደች በኋላ ነው ‘ሂን ሆጄቱ’ የምትባለው። አይሠራም ተብላ የተሸከመችውን ይዛ ትመለሳለች። ጠዋት በስልክ ቢነገራት በዚያ ቀን አትለቅምም። እንጨት ላይ ያለ ቡና አንድ ቀን ቢያድር ምንም አይሆንም።”

ነገሩ እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ጥርጣሬዬን ጨመረው። ነጋዴ ሊያታልል ሲመጣ በእውነት ነው የሚጀምረው።

እኔ ባልስማማም ሐጂ ከማል ተስማሙ። ሐጂ ሦስት ሞተር ያደከሙ ሰው ናቸው፤ ለአዲስ ነገር ቸኩለው አያውቁም። ለምን እንደተቀበሉ ስጠይቃቸው “የጣቢያዬ ስም በየስልኩ ይጠራል አሉኝ፤ ምን ከፋኝ?” አሉኝ። ለተማሪዎቹ ሚዛኑ አጠገብ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ጠረጴዛ ተሰጣቸው።

አሠራራቸውን ከሩቅ ተከታተልኩ። ጠዋት ጠዋት ቤዛ በየጣቢያው እየደወለች የሚሠራውንና የማይሠራውን ትጽፋለች። ፈይሰል ያንኑ በኦሮምኛና በአማርኛ በድምፁ ይቀዳዋል። ከዚያ ለተመዘገቡት ሁሉ ይላካል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ስልኩን አንሥቶ ያዳምጣል። መልካም ነው። ግን እኔ አንድ ቃል በተናገርኩ ቁጥር ብዕሯ ወረቀቷ ላይ ይወርዳል። ይህን አልወደድኩትም። ሐጂ እኔን እንድትመዘግብ ያስቀመጧት መሰለኝ። ስንት ሰዓት እንደገባሁ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀሁ፣ ከዚያ ወጣት መካኒክ ለመቅጠር።

አንድ ቀን ሻይ ልትቀዳ ስትነሣ ወረቀቷን ገልብጬ አየሁት። “መካኒክ ሙስጠፋ” ተብሎ ስሜ ስድስት ቦታ ላይ ተጽፏል። ጥርጣሬዬ ተረጋገጠ ብዬ አመንኩ።

የለቀማው ወቅት ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ማሽኑን ለሙከራ አስነሣሁት። ድምፁ አላማረኝም። ካቻቢቴውን አስደግፌ አዳመጥኩ። ባቄላ። የቀኙ ኩሽኔታ ሄዷል። ኩሽኔታ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፤ ጆንያዬ ውስጥ ትርፍ ነበረኝ። ኩሽኔታው ሲሄድ ዘንጉን በልቶት ከሆነ ግን ዘንጉ ወጥቶ ጅማ ቶርኖ ቤት መሄድ፣ በብየዳ መሞላት፣ እንደገና መላጥ አለበት። ሳይከፈት አይታወቅም።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ መጡ። “በስንት ሰዓት ይነሣል?”

“ሁለት ሰዓት ይስጡኝ።”

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። በልባቸው የራሳቸውን ጨምረውበት መሄድ ጀመሩ። ያኔ የቤዛ ብዕር ሲወርድ አየሁ። ሁለት ሰዓት ብላ ጻፈች። ይህ ወረቀት ነገ ከወጣት መካኒክ ሰዓት ጋር ሊተያይ ነው አልኩ።

“ሁለት ሰዓት ያልኩት ለሌላ መካኒክ ነው” አልኳት። “ለእኔ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ይሠራል ብለሽ ጻፊ።”

“እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? ገና አልከፈቱትም እኮ።”

“ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ይህን ማሽን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታው ነበር።”

“እሺ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ” አለችና ጻፈች። ከዚያ ፈይሰል ስልኩን አፉ አጠገብ አድርጎ ወደ ጓሮ ሄደ።

ክዳኑን ከፈትኩ። ዘንጉ ተበልቷል። ጣቴን ሳስገባበት ጥፍሬ ተቀረቀረ።

በዚህ ጊዜ ማድረግ የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ። ያደረግኩት ግን የለመድኩትን ነው። ዘንጉን አውጥቼ በጨርቅ ጠቀለልኩና በሐጂ ሞተር ሳይክል ወደ ጅማ ላክሁት። ለሐጂ “ትንሽ ሥራ ጨመረ” አልኳቸው። ለእሳቸው ይህ ይበቃል፤ ተረዱኝ። የማሽኑ ጎን ባዶ መሆኑ እንዳይታይ ጆንያ ሰቀልኩበት። ከዚያ መፍቻ ይዤ ጆንያው ሥር ተቀመጥኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ቤዛ መጣች። “ጋሼ፣ አራት ሰዓት አለፈ። መልእክቱን ላስተካክል?”

“እያለቀ ነው።”

“ምኑ ቀረ?”

“ብነግርሽ ይገባሻል?”

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ዘንጉ በዚያ ሰዓት ቶርኖ ቤት ደጅ ወረፋ እየጠበቀ ነበር።

ከስምንት ሰዓት በኋላ ገበሬው መጉረፍ ጀመረ። በአህያ፣ በባጃጅ፣ በራስ ላይ። ድሮ እንደዚህ ባለ ቀን ማሽኑ እንደቆመ ወሬው ከሰው ወደ ሰው ስለሚሄድ የሚመጣው ጥቂት ነበር። ያን ቀን ግን ከወትሮው በዛ። ሐጂ ሰው ልከው ያስጠሩት መስሎኝ ተቆጣሁ።

ከመጡት አንዷ አዴ ዘሃራ ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን የያዙ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ ሴት ናቸው። አሥራ አራት ጆንያ በሁለት ጋሪ አስጭነው መጥተዋል።

“ሙስጠፋ፣ ስምህን ሰምቼ መጣሁ” አሉኝ።

“ስሜን የት ሰሙት?”

ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አንድ ቁጥር ተጫኑ። የፈይሰል ድምፅ በኦሮምኛ ወጣ። የሐጂ ከማል ጣቢያ ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ይሠራል፤ ይህን ያረጋገጡት ዋና መካኒክ ሙስጠፋ ናቸው ይላል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ አለኝ። ዋና መካኒክ ብለው ጠርተውኛል። ድምፁ ከዚያ ትንሽ ስልክ ሲወጣ እንደ ባለሥልጣን ነበር። እንደገና እንዲያሰሙኝ ልጠይቃቸው ነበር።

“ለመቼ ልልቀም ብዬ ስጨነቅ ነው የተደወለው” አሉ አዴ ዘሃራ። “ሙስጠፋ ካለማ ብዬ ደቦውን ዛሬ አደረግኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ የቀላውን በሙሉ አወረደልኝ። ነገ ተራው የሌላ ሰው ነው፤ ለእኔ የሚወጣ የለም። የዘንድሮው ቡናዬ ይኸው ነው።”

ጆንያዎቹን አየሁ። ቀይ፣ ንጹሕ፣ አንድ አረንጓዴ ያልተቀላቀለበት ለቀማ ነው። እጄን አንዱ ጆንያ ውስጥ አስገባሁ። መሐሉ ሞቅ ማለት ጀምሯል።

“ታዲያ ለምን አይዞርም?” አሉ።

“ይዞራል አዴ።”

“መቼ?”

ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ቤዛ ቀድማኝ ደርሳለች። የሰቀልኩትን ጆንያ ገልጣ ቆማለች።

“ጋሼ፣ ዘንጉ የት አለ?”

“እጅሽን ከዚያ አንሺ፤ ግራሶ ነው።”

“ዘንጉ የለም። ማሽኑ ውስጥ ምንም የለም። ‘እያለቀ ነው’ አሉኝ እኮ።”

ሐጂ ሰምተው መጡ። “ልጄ፣ ዲሲ፣ ተይው። ይህ የሥራ ቤት ወግ ነው። ሙስጠፋ ያስነሣዋል። ሰው አትበትኝብኝ።”

“ሐጂ፣ ሰው የሰበሰብኩት እኔ ነኝ” አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “ጋሼ ሁለት ሰዓት ሲሉ እርስዎ ሌላ ነገር እንደሚሰሙ አላወቅኩም። እኔ አራት ሰዓት ሲባል አራት ሰዓት ነው የጻፍኩት። እኚህም እናት አራት ሰዓት ነው የሰሙት። ከዛሬ በኋላ የምንልከውን ማን ያዳምጠዋል?”

ፈይሰል መሬት መሬት እያየ “እናቴም ሰምታዋለች” አለ። “እሷ ግን አህያ ስላላገኘች ቀርታለች። አልሐምዱሊላህ።”

ያኔ ነው የገባኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ የምንናገረው ሰዓት ግቢውን አልፎ አያውቅም ነበር። እኔና ሐጂ ስንነጋገር ሰዓቱ ምን እንደሚመዝን ሁለታችንም እናውቃለን። በስልክ የሄደው ግን ሰዓቱ ብቻ ነው። የምንጨምርበት አብሮ አልሄደም።

ልጅቷ እኔን ልትመዘግብ አልተቀመጠችም ነበር። የጻፈችው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ይህን ያወቅኩት ግን አሥራ አራት ጆንያ እየሞቀ ነው።

“አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ” አለች። “ማሽኑ በስንት ሰዓት ይነሣል?”

ሐጂ እያዩኝ ነው። ገበሬዎቹም ከብበውናል። አዴ ዘሃራ ስልካቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

“ነገ እኩለ ቀን” አልኩ። “ዘንጉ ዛሬ ከቶርኖ ቤት ከወጣ። ካልወጣ ነገ ማታ።”

ከሰዉ ውስጥ አንዱ “ወላሂ፣ መካኒክ እውነት ሲናገር ዛሬ ሰማሁ” አለ። የሳቀ ግን አልነበረም።

ቤዛ ጊዜ አላጠፋችም። ወደ ሁሉም ስልክ ላከች። የሐጂ ከማል ጣቢያ ዛሬ አይሠራም፤ ያልለቀማችሁ አትልቀሙ፤ መንገድ የጀመራችሁ ተመለሱ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። ፈይሰል ሌላ የሚሠራ ጣቢያ መፈለግ ጀመረ። ዝርዝራቸው ላይ ከሚሠሩት የሚቀርበው በደዶ በኩል ያለው ነው፤ ሳይመሽ አይደረስበትም። ከዚያ የቀረበ አንድ አለ፤ የገበሬዎች ማኅበር ጣቢያ። እሱ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎበታል። ተበላሽቷል።

ማኅበሩ መበላሸቱ በስልክ ስለተነገረበት ተናዶ ከተማሪዎቹ ጋር መነጋገር አቁሞ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ተማሪዎቹ አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ጁምዓ ከሶላት በኋላ የበቆሎ ጆንያዬን ይዤ የሄድኩት እዚያ ነው።

ሐጂ ከማልና ማኅበሩ ያንኑ የአካባቢ ገበሬ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች ናቸው። ሐጂ ዓይኔን አይተው ነገሩን አነበቡት።

“ሙስጠፋ” አሉኝ ቀስ ብለው። “የሰው ቤት ገመና አይወጣም። ለእኔም ጠብቀህልኝ ነው የኖርከው።”

ትክክል ብለዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄያለሁ። ለዚያም ነው በየጣቢያው በር የሚከፈትልኝ።

“የማኅበሩ ማሽን ይሠራል” አልኩ። “ያደስኩት እኔ ነኝ። ከዚህኛው የተሻለ ነው የሚዞረው።”

የመጨረሻዋን መናገር አልነበረብኝም። ግን ሥራዬ ስለሆነ ተናገርኩት።

ፈይሰል ደወለ። የማኅበሩ ሰው መጀመሪያ “ማን ነገራችሁ?” ብሎ ጮኸ። ስሜን ሲሰማ ግን “ቶሎ የሚደርስ ከሆነ እንቀበላለን” አለ። የቀረው መኪና ነው። የሐጂ አይሱዙ ግቢው ውስጥ ቆማለች። እኔ ሐጂን ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። ተማሪዎቹም ፈሩ።

አዴ ዘሃራ ቀረብ አሉ። “ሐጂ፣ ባለቤቴ ሲሞት ቀብሩ ላይ ነበሩ።”

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቁልፉን ለሹፌሩ ሰጡት።

አይሱዙዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። እኔም ከመጀመሪያው ጭነት ጋር ሄድኩ። የማኅበሩ ተቀባይ እያንዳንዱን ጆንያ ከፍቶ እጁን አስገባ፣ አሸተተ። ከአዴ ዘሃራ አሥራ ሁለቱን ተቀበለ። ሁለቱን ገፋቸው። እነዚያን ወስደው በቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ አሰጧቸው፤ በርካሽ የሚሸጥ ጀንፈል ሆነው ደረቁ። በቀሩት ገበሬዎች ላይም ተመሳሳይ ነገር ደረሰ፤ አንዳንዱ ዳነለት፣ አንዳንዱ አሰጣ።

አዴ ዘሃራ ሲሰናበቱኝ አልተቆጡም። “ሙስጠፋ፣ እጅህ ጥሩ ነው” አሉ። “ሁለተኛ ስምህን በስልክ ስሰማ ግን እዘጋዋለሁ።”

ዘንጉ በማግስቱ ከእኩለ ቀን በፊት ደረሰ፤ ገጠምኩት፤ ዞረ። ሐጂ ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ወቅት አልጠሩኝም። ወጣት መካኒክ አመጡ። የፈራሁት በወረቀት ሳይሆን በአፌ መጣ። ሌሎች ሁለት ባለጣቢያዎችም ወሬው ደርሷቸው ራቁኝ። ገመና የማያወጣ የሚለውን ስም ለማግኘት ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ለማጣት አንድ ከሰዓት በኋላ በቃ።

ተማሪዎቹን ከዚያም በኋላ አላመንኳቸውም። አንድ ቀን ቤዛን ጠርቼ “ስትመረቂ ይህ ሁሉ ስልክ ቁጥር የት ይሄዳል?” አልኳት።

“አላውቅም ጋሼ” አለች። “ጠይቄ እነግርዎታለሁ።”

እንዲህ በቀላሉ አላውቅም ያለ የተማረ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ዝርዝሩ የሚቀመጠው ሥራውን በሚመራው መምህር እጅ ነው፣ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ይተላለፋል፣ ስሙ እንዲሰረዝለት የፈለገ ገበሬ ይሰረዝለታል አለችኝ። መምህሩን አላውቀውም። ስሙን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

እሷና ፈይሰል ተመርቀው ሄዱ። በቦታቸው ሌሎች መጡ። የእነሱንም መታወቂያ አይቻለሁ።

ዘንድሮ ሐጂ ከማል ደወሉ። የቀጠሩት ወጣት ማሽኑን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጥሞ አልሆነለትም። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም፤ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ሄድኩ። ካቻቢቴዬን አስደግፌ አዳመጥኩ።

“በስንት ሰዓት ይነሣል?” አሉኝ ሐጂ።

“አልከፈትኩትም።”

“እሱማ ገባኝ። ግምትህን ንገረኝ።”

“አልከፈትኩትም ሐጂ።”

አዲሷ ተማሪ ጠረጴዛው ላይ ሆና ታየኛለች። ብዕሯ ቆሟል። “ጋሼ፣ ምን ብዬ ልላክ?” አለች።

“ማሽኑ ገና አልተከፈተም፤ ሰዓቱ አልታወቀም፤ ዛሬ አትልቀሙ ብለሽ ላኪ። ስሜን ጨምሪበት።”

ላከችው። ሐጂ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ፤ አላባረሩኝም። ያን ቀን ግቢው ባዶ ዋለ። አዴ ዘሃራ ይዝጉት ያዳምጡት አላውቅም። እሸት ይዘው ግን አልመጡም።

ለባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ማሽኑን ሳትከፍት ሰዓት አትናገር። ከፍተህ ያየኸውን ሰዓት ተናገር። ባለጣቢያው ሌላ መካኒክ ቢጠራ፣ ይጥራ።